ከጓሯችን ያልወጣው ሰው

አባዬ፣

ከተለየኸን ሦስተኛው ክረምት ገባ። የከተማችን የሚዛን ዝናብ እንደምታውቀው ነው፤ የሰፈራችን መንገድ ግን ሊሰፋ ነው ተብሎ አጥሩ ሁሉ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት በየሳምንቱ ወደ አማን ሆስፒታል ለሕክምና እወስዳታለሁ። ይህን የምጽፍልህ ግን ስለ ቤታችን ነው።

ጡረታ ከወጣህ በኋላ የመንገዳችንን አሮጌ ቤቶች ታሪክ እንጻፍ ብለህ፣ ደብተር አስይዘህ ከቤት ቤት ስታዞረኝ ትዝ ይልሃል? ማን ሠራው፣ ጣውላው ከየትኛው ጫካ መጣ፣ በረንዳው ላይ ማን ቡና ያሰጣ ነበር እያልክ ትጠይቃለህ፤ እኔ እጽፋለሁ። አሥራ አንድ ቤት ጻፍን። የእኛን ስጠይቅህ «የእኛንማ ሁሉም ያውቀዋል» ብለህ ደብተሩን ከእጄ ወስደህ ከደንከው።

ቀዩ ቀለም ሲቀባ፣ ቤቶቹ ሳይፈርሱ የእኛንም ልሙላ ብዬ እማማ ዘይነባ ዘንድ ሄድኩ። ቤተሰባቸው ከጅማ መጥቶ ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ ፊት ለፊታችን ናቸው፤ ሰፈሩን የእርሳቸውን ያህል የሚያውቅ የለም። ሰምተውኝ ሲያበቁ «ልጄ፣ የሌላውን ከጻፍሽ ይበቃሻል» አሉኝ።

ይበቃኝም ነበር፣ በሳምንቱ አንዲት ሴት ከማጂ ባትመጣ። በረንዳችን ላይ ቆማ ምሰሶውን በመዳፏ ዳሰሰችው። ስሟ ጥሩነሽ ነው። ቤቱን የሠሩት አባቷ አቶ ገብረየስ፣ የቡና ነጋዴ ነበሩ። በደርግ ጊዜ አንድ ቀን ታጣቂዎች መጡ፤ እሷና እናቷ በጭነት መኪና ወደ ማጂ ተላኩ፤ ቤቱም በቀበሌ በኩል ለአንተ ተሰጠ።

«እሳቸውስ የት ታሰሩ?» አልኳት።

«አልታሰረም» አለችኝ። «አባቴ ከዚህ ግቢ አልወጣም።»

እማዬ ይህን ስትሰማ ተነሥታ ጓዳ ገባች። እኔ ደግሞ ልጅ ሳለሁ ጓሯችን ካለው አቮካዶ ዛፍ ሥር ጎደሬ ልተክል ስቆፍር ዶማውን የነጠቅከኝን አስታወስኩ። በሕይወትህ የጮኽክብኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ቦታውን ለጥሩነሽ ያሳየኋት እኔ ነኝ፣ አባዬ። ይቅር በለኝ ልልህ አፌ እምቢ አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ቄስ፣ ፖሊስና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ባሉበት ተቆፈረ። ወገብ ያህል እንደወረዱ አንድ የቀበቶ ዘለበት ወጣ፤ ጥሩነሽ በነጠላዋ ተቀበለችው። የአባቷ አፅም ተለቅሞ በሳጥን ሲጫን እንኳ አላለቀሰችም። መኪናው ውስጥ ልትገባ ስትል ወደ እኔ ዞረችና «አባትሽ ያውቅ ነበር?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ እማዬ ስምህን አታነሣም። ፎቶህን ከግድግዳው አወረደችው። መልሼ እሰቅለዋለሁ፤ ከገበያ ስመለስ ደግሞ ወርዶ አገኘዋለሁ።

ዛሬ እማማ ዘይነባ «ነገ ብቻሽን ነዪ፤ አቶ ገብረየስ የጠፉ ሰሞን ያየሁትን ይዤው መሞት አልፈልግም» ብለው ላኩብኝ። ከመሄዴ በፊት ይህን ልንገርህ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። በዝናብ ጃንጥላህን ወደ እኔ አዘንብለህ፣ ራስህ እየራስክ ትምህርት ቤት ታደርሰኝ የነበርከው አባቴ ነህ፤ ይህን ማንም አይወስድብኝም። ነገ የምሰማው ሥራም የአንተ ከሆነ፣ ከዚህኛው ትዝታ ጋር አብሬ እይዘዋለሁ። አልረሳህም፣ አባዬ፤ ልረሳህ ብፈልግ እንኳ።

ልጅህ