የብረቱ ቃል

መሐል ሜዳ፣ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለእፀገነት፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኔም እናትሽም በሕይወት አለን፤ ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽሽም። እናትሽ አጠገቤ ቁጭ ብላ ብርድ ልብስ እየጣፈች «ምን እየጻፍክላት ነው?» ትለኛለች። «ሰላምታ» እላታለሁ። በስልክ ብነግርሽ ድምፄ ይከዳኛል፤ ለዚህ ነው ጽፌ፣ ፎቶ አንሥቼ ዛሬ ማታ በስልኬ የምልክልሽ።

በሰው የላክሽው ፖስታ ከደረሰኝ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ስትደውዪ «አልደረሰም» ያልኩሽ ውሸቴን ነው።

በዕውቀቱን ታውቂዋለሽ፤ ደብረ ብርሃን ለትምህርት ስትመላለሺ ጋቢና ያስቀምጥሽ የነበረው ሾፌር። በግንቦት ሚኒባሱ ገደል የገባ ዕለት ሬሳ ሊያወጡ ከወረዱት አንዱ ነበርኩ። ዘጠኝ ሰው ሞቷል። የአወቀን ሚስት ጥሩሸዋን ከወንበር ሥር ስናወጣት ደረቷ ተጨፍልቆ ነበር፤ ሕፃን ልጇን ከእቅፏ ማላቀቅ አቃተን። አወቀ አላለቀሰም። ድንጋይ አነሳ። በዕውቀቱ ደም በደም ሆኖ እየዳኸ «መሪው እምቢ አለኝ! ብረቱ ተሰበረብኝ!» ሲል አፉ ላይ መታው። ከዚያ ሁሉም ወረደበት፤ በዱላ፣ በድንጋይ፣ በጫማ። ግራ ዓይኑ የጠፋው ያኔ ነው። እኔም ረገጥኩት። ሁለት ጊዜ፣ ጎኑን። ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቱን የሚያዞረው አባትሽ!

ፖሊስ ባይደርስ አይተርፍም ነበር። በዋስ ሲወጣ ደግሞ ቤቱን አቃጠሉበት፤ አወቀም ጠመንጃውን አንግቶ ይፈልገው ጀመር። በዕውቀቱ ሸሽቶ ቤተ ክርስቲያን ተጠጋ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ነው መምህር ሰርካለም ተነሥቶ «የጋሼ ወልደ ጻድቅ ልጅ ውጭ አገር የመኪናና የባቡር ብረት አይደለም እንዴ የምትመረምረው? ጥፋቱ የሾፌሩ ይሁን የብረቱ እሷ ትንገረን» ያለው። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እምቢ ብዬ ምን ልበል? ቄሱም አወቀን «የብረቱ ቃል እስኪመጣ ጠመንጃህን እንዳታነሳ» ብለው ገዘቱት። መሪውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘውን ስባሪ በገዛ እጄ ጠቅልዬ ላክሁልሽ። «ማነው የበየደው?» ስትዪኝ «ደብረ ብርሃን ያለ ጋራዥ» አልኩሽ። ብረት ሳይቆረጥ ውስጡ ይታያል ማለትሽን አላመንኩም ነበር፤ እንዲያው በሥራዋ ስትኮራ ነው ብዬ።

ወረቀትሽን ሱቄን ዘግቼ ብቻዬን አነበብኩት። ሁለት ሥዕል አለው። አንደኛው ኒውትሮን የምትሉት ብናኝ ብረቱን ዘልቆ ያወጣው ነው፤ ብየዳው ዳር የቀላው ቦታ ብረቱ ውስጥ ለውስጥ ተወጥሮ የቀረበት ነው ብለሻል። ሁለተኛው የመንደር ያህል ሰፊ ነው ያልሽኝ ክብ መሣሪያችሁ፣ ሲንክሮትሮኑ፣ በሚሰጠው ብርሃን የተነሣ ነው። ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ አለ፤ ስንጥቁ ውስጥ ዝገት አለ። ዝገት በአንድ ቀን አይገባም፤ ብረቱ ከአደጋው በፊት ተሰንጥቆ ነበር፤ ሾፌሩ ጥፋት የለበትም ብለሻል። ቀጥለሽም «የበየደው ሰው ትኩሱን ውሃ ውስጥ ነክሮታል። ሰዎቹን የገደላቸው ይህ ነው» ብለሻል።

እፀገነት፣ የነከርኩት እኔ ነኝ።

አያትሽ ማረሻ ሲሠራ ከእሳት አውጥቶ ውሃ ውስጥ ይከተው ነበር፤ ያለዚያ ድንጋይ ያጎብጠዋል ይል ነበር። እኔም ያደግሁት በዚያ ነው። በዕውቀቱ የተሰነጠቀውን ብረት ሱቄ አምጥቶ «ጋሼ፣ በይድልኝ፤ አዲሱ ዕቃ እስኪመጣ ነው፣ ተሳፋሪ እየጠበቀኝ ነው» ሲለኝ በየድኩና እንደ ማረሻ ነከርኩት። «ከአዲሱ ይበልጣል» ብዬም ሸኘሁት። ገደሉ ሥር ከጎማው ላይ ተንጠልጥሎ ሳየው ብየዳዬን ወዲያው አወቅሁት። የረገጥኩት ስሜን እንዳይጠራ ነው።

አልጠራም። እስከ ዛሬም አልጠራም። አንድ ቀን ተደብቄ ሄጄ ብጠይቀው «እኔ ብናገር ሰበብ ፈለገ ይሉኛል ጋሼ። ብረቱ ይናገር» አለኝ።

ከትናንት በስቲያ ሐሙስ የአወቀ ወንድሞች፣ እነሱን ግዝቱ አልነካቸውም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጎትተው አወጡት። ሁለቱ ያዙት፤ ሦስተኛው በምሳር ጀርባ ጉልበቱን ሰበረው። እኔም እዚያው ቆሜ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ደግሞ መታው። ወረቀትሽ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። አውጥቼ «ተዉት!» ብል ይተዉት ነበር። ምሳሩን አየሁና ፈራሁ። እንደ ውሻ ፈራሁ ልጄ፤ አፍራለሁ።

ነገ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ግዝቱን ያነሳሉ። «ብረቱ ቃል ካልሰጠ አወቀን ይዤ ማቆየት አልችልም» ብለዋል። በዕውቀቱ ደግሞ አሁን መሮጥ አይችልም።

ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ሌላ ወረቀት እንድትልኪልኝ ልለምንሽ ነበር፤ ስለ ውሃው የሚለው ቀርቶበት፣ ብረቱ በእርጅና ተሰበረ የሚል። እዚህ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። እንዳለ ይነበብ። የሚያነበው ሰርካለም ነው፤ እኔ አጠገቡ እቆማለሁ። መጨረሻው ላይ ከነአባትሽ ስም ፈርመሻል። «እፀገነት» ሲል የቀረውን ስም ራሴ እናገራለሁ፤ የበየደውም እሱ ነው እላለሁ።

ለእናትሽ ነገ ከሰዓት በኋላ ደውዪላት። ስለ እኔ አትጠይቂያት፤ ዝም ብለሽ አጫውቻት።

የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። እውነትን በመናገርሽ አያሳፍርሽ፤ እኔን መውደድንም አያሳጣሽ።

አባትሽ
ወልደ ጻድቅ