ስልኩ የጻፈላት

ጥቅምት 14
ብርድ። ጉሙ እስከ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ አልተነሣም። ሰባተኛ ክፍል፣ የኅብረተሰብ ትምህርት። ደብተር ሰበሰብኩ።
የሀይማኖት ደብተር... ሀይማኖት መስማት የተሳናት ልጅ ናት። በስድስት ዓመቷ ታማ ነው ጆሮዋ የተደፈነው። ማንበብና መጻፍ የተማረችው ዳንግላ፣ አክስቷ ቤት ሆና፣ በልዩ ፍላጎት ክፍል ነው። አክስቷ ሲሞቱ ወደ እናቷ ተመለሰች፣ ዘንድሮ እኔ ክፍል ገባች። እዚህ ግምጃ ቤት ከተማ የምልክት ቋንቋ የሚችል መምህር የለም። እኔም አልችልም።
ጽሑፏ ከሁሉም ያምራል። "ትልልቅ ወንዞች" ብዬ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ገልብጣለች። ዓባይ፣ ተከዜ፣ ባሮ... ቀጥሎ አሸናፊ፣ ባምላክ። የክፍል አለቃው ጥግ ላይ "የሚረብሹ" ብሎ የጻፋቸውን፣ ርዕሱ ተደምስሶ ስሞቹ ብቻ የቀሩትን! ወንዝ መስለዋታል።
መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ደብተሩን ዘጋሁት።
እስከ ዛሬ ምን ስታይ ኖራለች? አፌ ሲከፈትና ሲዘጋ?

ጥቅምት 18
እህቴ ስለ አንድ አፕ ነገረችኝ። የተናገሩትን እየሰማ በአማርኛ ይጽፋል። ርዕሰ መምህሩን ጋሽ ገበየሁን ላስፈቅድ ገባሁ።
"ስልክ ክልክል ነው ብለን በር ላይ ለጥፈን?"
"ለእሷ ብቻ ነው፣ ጋሼ።"
መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። "እሺ። ሌሎቹ ግን እንዳይጫወቱበት።"
ስልኬን ዴስኳ ላይ አኖርኩና ማስተማር ጀመርኩ። መሃል ላይ ነፋስ ገባ። "አሸናፊ፣ መስኮቱን ዝጋው እስቲ!" አልኩ። ሀይማኖት ስልኩን አነበበች። ከዚያ ቀና አለችና... ዞራ መስኮቱን አየች። ከሌሎቹ ጋር!
ከዚያ በኋላ ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም።

ጥቅምት 27
ይሳሳታል፣ "ተፋሰስ" ስል "ተፋቀር" ብሎ ይጽፋል። ሀይማኖት ግን ገብቷታል፣ እየሣቀች ደብተሯ ላይ በእስክሪብቶ ታርመዋለች።
ዛሬ የቡድን ሥራ ሰጠሁ። ቤታችሁ አጠገብ ያለው ውሃ የት ይደርሳል? ካርታ ሥሩ። ስልኩን መሃላቸው አኖሩት። አንድ ላይ ሲናገሩ ስለሚደባለቅበት ኢልሀም ተራ አስያዘቻቸው። (ኢልሀም አብራት የምትቀመጠው ናት፣ የነጋዴው የከቢር ልጅ።) እኔ ከመስከረም ጀምሮ "ተራ በተራ!" ብዬ ያልቻልኩትን...
ካርታውን ሰሌዳው ላይ ሠርታ ያሳየችው ሀይማኖት ናት። አሸናፊ የተሳሳተበትን ጅረት በጣቷ አጥፍታ አቃናችው። ክፍሉ አጨበጨበ። አትሰማም። ግን እጃቸውን አየች።

ኅዳር 9
በራሷ ጥያቄ ጠየቀች፣ በጽሑፍ። "ቲቸር፣ የትናንቱ ቀልድ ምን ነበር? ስልኩ 'ሳቅ' አይጽፍም።"
ቀልዱን ጽፌ ሰጠኋት። ሳቀች። አንድ ቀን ዘግይታ።

ኅዳር 23
ዳታ የለም፣ አፑም ያለ ኢንተርኔት አይጽፍም። ከጠዋት ጀምሮ ጠፋ። ነገ ይመጣል ይላሉ።

ኅዳር 26
አልመጣም። ሀይማኖት ስገባ ስልኬን ነው የምታየው። ራሴን ነቀነቅሁ። ዛሬም... ነገም ይኸው ነው?

ታኅሣሥ 5
እንጅባራ ሄጄ ዋልኩ። እዚያም የለም። ስልክ የሚጠግነው ሙስዐብ ጋ ገባሁ።
"ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ ማድረግ አይቻልም?"
ነካካው፣ ነካካው። "እንግሊዝኛውን መጫን ይቻላል፣ እህቴ። አማርኛው ግን እንቢ ይላል።"
"መቼ ይለቀቃል ይላሉ?"
"እኔም የምበላው በሱ ነው። ማን ይነግረኛል?"
ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አለቀስኩ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው "እግዜር ያጥናሽ" አሉኝ። አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ታኅሣሥ 14
ኢልሀም እስከ ዛሬ የምናገረውን እየጻፈች ታሳያት ነበር። ዛሬ ቢሮ መጣች። እያለቀሰች።
"ቲቸር፣ ለእሷ ስጽፍ የራሴ ያመልጠኛል። አባቴ ውጤቴን አይቶ ተቆጣ... ጠልቻት አይደለም እኮ!"
"አውቃለሁ" አልኳት። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ላይ ይህን ሁሉ ማን ጫነው? እኔ።
ለጋሽ ገበየሁ ነገርኩ። የምልክት ቋንቋ የሚችል ሰው እንዲጠይቁ። "ጠይቄያለሁ፣ ልጄ። ዳንግላ ያሉትም አልበቁም። ድሮም ያለ ስልክ ነው ያስተማርነው" አሉ። በደግነት ነው ያሉት። እሱ ነው የባሰው።

ጥር 5
እየጻፍኩ ለማስተማር ሞከርኩ፣ ሁሉንም ሰሌዳ ላይ። ግማሹን ሳልጽፍ ተደወለ። ሀይማኖት እስክሪብቶ አላነሣችም። መገልበጥ ትታለች።

ጥር 23
ክፍል የለም። ሰው ሁሉ የፈረሱን በዓል ሊያይ እንጅባራ ሄደ። እኔ ተኝቼ ዋልኩ።

የካቲት 3
ሁለተኛው ሴሚስተር። ሀይማኖት አልመጣችም።

የካቲት 11
ዛሬም። ኢልሀም ለብቻዋ ተቀምጣለች፣ የዴስኩን ጥግ ይዛ፣ የሀይማኖትን ቦታ ትታ። ወደ መሃል ግቢ ብላት አልገባ አለች።

የካቲት 15
እነሀይማኖት ቤት ሄድኩ። በጋሪ፣ ከዚያ በእግር። እናቷ ወይዘሮ እንቁ ድንች ይለቅማሉ፣ ሀይማኖትም አብራ። አየችኝ። ጎንበስ ብላ ሥራዋን ቀጠለች።
ወይዘሮ እንቁ ቤታቸው አዊኛ ነው የሚያወሩት። እኔ ደብረ ማርቆስ ያደግሁ፣ አዊኛ አልችልም። ለእኔ ሲሉ በአማርኛ፣ ቀስ እያሉ...
"መምህር፣ አይቀየሙኝ። ድሮ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ትበላለች፣ ትተኛለች። አሁን አትበላም። ያን ስልክ ባያሳዩአት ይሻል ነበር።"
"ያስተማርኳት መስሎኝ..."
"አስተምረዋታል። እሱ ነው የጎዳት።"
እስከ ቤቴ ድረስ ይህን ነው የሰማሁት። እውነታቸውን ነው? ምንም ባላደርግ ኖሮ አሁንም ወንዝና ሰው እየቀላቀለች ክፍል ውስጥ ትቀመጥ ነበር። ግን ትቀመጥ ነበር።

መጋቢት 2
መጣ! በእረፍት ሰዓት የመምህራኑ ስልክ ሁሉ አንድ ላይ ጮኸ። የሚስቁም የሚሳደቡም ነበሩ። እኔ ደስ አላለኝም። ለምን ደስ አላለኝም?

መጋቢት 6
ሄድኩ። ስልኩን ይዤ።
ሀይማኖት ደጃፍ ላይ ተቀመጠች፣ መሃላችን አኖርኩት። "እንዴት ነሽ?" አልኩ። ጻፈው። አነበበች። ፊቷ አልተፈታም።
ወይዘሮ እንቁ ከኋላችን ቆመው ነበር። "ይኸ የኔንም ይጽፋል?" አሉ። ይጽፋል አልኳቸው። ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው ረጅም ነገር ተናገሩ። በአዊኛ። ድምፃቸው ተቆራረጠ።
ስልኩ "ኩንታል ዋንጫ እሱ ጋ" ብሎ ጻፈ።
ሀይማኖት አነበበች። እናቷን አየች። መልሳ አነበበች። አፈርኩ፣ የምገባበት ጠፋኝ። "አማርኛ ብቻ ነው የሚችለው" አልኩ። "አዊኛ... አያውቅም።"
ወይዘሮ እንቁ እንደገና ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ገበያ ላይ በሚያወሩት አማርኛ...
"ሀይማኖት። እናትሽ ነኝ። ከታመምሽ ወዲህ... ስምሽን መጥራት ትቼ ነበር። አትሰማም ብዬ።"
ይህን በትክክል ጻፈው። አንድም ፊደል አልሳተም።
ልጅቷ እጇን እናቷ ጉልበት ላይ አሳረፈች። ሁለቱም አላለቀሱም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።
ሲረጋጋልኝ፣ "ሰኞ ነይ። ኢልሀም ቦታሽን ይዛልሻለች" አልኩ። አነበበችው። እስክሪብቶዬን ጠየቀችኝና መዳፏ ላይ ጻፈች፤ ወረቀት አልያዝኩም ነበር።
"ተመልሶ ከጠፋስ?"
መዳፏን እንደዘረጋች መልስ ጠበቀች። እናቷም ጠበቁ፣ ማንበብ ሳይችሉ።
አይጠፋም ልበላት? በምን አፌ?
"አላውቅም" አልኩ።
ስልኩ ጻፈው።