የወይዘሮ ገላነሽ አውራ ጣት

ይድረስ ለእህቴ ለሙሉመቤት፣ አሥመራ።

እትዬ ሙሉ፣ ከጠዋት ፀሐይ የሚሞቅ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ያ ብርድ ሲነካሽ የሚነሣብሽ ሳል ለቀቀሽ ወይስ አብሮሽ አሥመራ ከተመ? ባለቤትሽ አቶ ወልደ ጊዮርጊስስ? ማንኮራፋታቸው እዚህ ድረስ ስለሚሰማ ደህና መሆናቸውን አውቄአለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ነው ብለሽ አትሳቂ፤ አራተኛ ክፍልን ደጋግሞ የተማረ ሰው እጁ ይደክመዋል።

ትዝ ይልሻል? ስትሄጂ ፈላና በር አጠገብ ባለው የሙት ልጆች ቤት ለአሳዳጊያችን ለወይዘሮ ፀሐይ አስረክበሽኝ፣ «ተመልሼ እስክመጣ ከሐረር ንቅንቅ እንዳትል» አልሽኝ። አልተነቃነቅሁም። ጎረቤቱ ነው በእኔ ምክንያት ሲነቃነቅ የኖረው። ሲመሻሽ ጅብ በሚገባበት የግንብ ቀዳዳ ተሸጉጬ እንደ ጅብ እጮኽ ነበር። ሰው ሁሉ በሩን ሲቆልፍ ዳቦ ሻጯ ወይዘሮ ገላነሽ ብቻ የተረፋቸውን ዳቦ እየወረወሩ «እንካ፣ ብላና ሂድ» ይሉ ነበር። እኔም በልቼ እሄዳለሁ። ወንድምሽ ያደገው በጅብ ቀለብ ነው።

አሁን ወሬውን ስሚ። ቤቱን የሚረዱት የበጎ አድራጎት ማኅበር ወይዛዝርት፣ ጢም ያበቀልን ልጆች ለትንንሾቹ ቦታ እንድንለቅ ቆረጡ። የሚወስደው ሰው የሌለው ከፋሲካ በኋላ ጅማ ወዳለ የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ይላካል ተባለ። እኔ «ጅማ ቡና ሞልቷል» ብዬ ሳቅሁ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም። እትዬ መጥታ ፈላና በር ላይ ብትቆም ማን «እዚህ ነው» ይላታል?

ይህን የሰሙት ወይዘሮ ገላነሽ መጡና «የጡት ልጄ አደርገዋለሁ» አሉ። በሩ ላይ ማንጎ የምትሸጠው ሸምሲያ ጮኸች። «ያ ረቢ! ገላነሽ፣ ይሄ እኮ ሸይጣን ነው! ፍየሌን ከማንጎ ቅርጫቴ ጋር ያሰረው ማን ሆነና! ጣሪያሽን ነቅሎ ይሸጥልሻል» አለቻቸው። እሳቸውም «ይሽጠው፣ ድሮም ያፈስሳል» ብለው መለሱላት።

የጡት ልጅነት ወጉን ታውቂዋለሽ። በሽማግሌ ፊት እናቲቱ አውራ ጣቷን ማር ውስጥ ትነክራለች፣ ልጁ ይጠባል። ከተፋው አልተቀበላትም ማለት ነው፤ ነገሩ ፈረሰ። ቀኑ ደረሰና ወይዘሮ ፀሐይ ማሩን በስኒ አቀረቡ። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ሕፃኗን ሩቂያን ከሞግዚቷ ጡት ለማላቀቅ የተበጠበጠ እሬት በሌላ ስኒ ተቀምጧል። የወይዘሮ ገላነሽን ዓይን ሞራ ጋርዶታል። ጣታቸውን እሬቱ ውስጥ ነከሩት። ማንም ልብ አላለም፤ እኔም ያወቅሁት አፌ ከገባ በኋላ ነው።

እትዬ፣ ከምሬቱ የተነሣ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ብተፋው ማን ያምነኛል? «ስኒውን የለዋወጠው ራሱ ነው» ማለታቸው አይቀርም። ዋሽቼ ፊቴን ማቅናት የለመድሁት ለካ ለዚህ ቀን ኖሯል! ጠባሁ፣ ዋጥሁ፣ ከንፈሬንም ላስሁ። ሽማግሌዎቹ እንባዬን አይተው «ልቡ ተነካ» እያሉ መረቁኝ። ሸምሲያ እንኳ «ማሻ አላህ» ብላ ዓይኗን ጠረገች።

መንገድ ላይ ወይዘሮ ገላነሽ ማር አይባክንም ብለው ጣታቸውን ላሱ። ቀጥ ብለው ቆሙ። ፊታቸው እንደ ደረቀ ሎሚ ተጨማደደ። ከዚያ «አንተ ጅብ፣ ይህን እንዴት ዋጥከው?» አሉኝ። ለካ ከግንቡ ቀዳዳ ማን እንደሚጮኽ ያኔም ያውቁ ነበር! «እርስዎ የሰጡኝን መቼ ተፍቼ አውቃለሁ?» አልኋቸው። እስከ ቤታቸው ሲስቁም ሲያለቅሱም ሄዱ።

ምሬቱ ግን ከምላሴ አልወርድ ብሎ እናታችንን አስታወሰኝ። እሷ እሬት ተቀብታ ጡት ስታስጥለኝ፣ አንቺ አዝለሽኝ ግቢውን እየዞርሽ ሸንኮራ እያኘክሽ ታጎርሺኝ ነበር ብለሽ አጫውተሽኛል። አላስታውሰውም፤ ግን ይናፍቀኛል። እናታችን በእሬት ጡት አስጣለችኝ፤ እኔ ደግሞ በእሬት ጡት ያዝሁ። ወይዘሮ ገላነሽን «እማዬ» ብዬ ገና አልጠራኋቸውም። ቃሏ የሁለታችን ናትና ፈቃድሽን እየጠበቅሁ ነው። ቶሎ ጻፊልኝ፤ እሳቸውም አፍ አፌን እያዩ ነው።

አቶ ወልደ ጊዮርጊስን እጅ ነሥቷል በይልኝ። ትንሿን ትዕግሥትን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ካለቀሰችም ከአጎቷ ነው በያት። አከራይሽን እማማ በለጡን ሰላም በይልኝ። ስትመጪ ቤቱ ቢጠፋብሽ ከግንቡ ቀዳዳ አጠገብ ቁሚና ዳቦ ወርውሪ፤ እኔ ብቅ እላለሁ።

ወንድምሽ ሽብሩ
ሐረር፣ ፈላና በር
የካቲት ፳፩ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.