የአባትህ አዲስ ማዕረግ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ጉንፋኑም አልፎልን፣ ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነን።

እንኳን ደስ አለህ! «ተራ ሐኪም» እየተባለ የኖረው አባትህ፣ የዕድሜ ልክ ሥራው ታይቶለት የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊስት ተባለ። ማዕረጉ የክሊኒኩ በር ላይ ተለጥፏል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ አይታ፣ «ቤተሰብ የሚያክሙ ከሆነማ ከአማቴ ይጀምሩልኝ» ብላ አሳቀችን።

ሰልጣኝ ሐኪሞችም ተመድበውለታል። አባትህ በሽተኛውን «ሕመሙ መቼ ጀመረህ?» ይለዋል፤ ትንሽ ቆይቶ ያንኑ መልሶ ይጠይቀዋል። ሰልጣኞቹ የማስተማር ዘዴው መስሏቸው፣ እነሱም ሁለት ሁለቴ መጠየቅ ጀመሩ! አንዲት በሽተኛ በሁለተኛው ጥያቄ የደበቀችውን ተናግራ፣ ሕመሟ በጊዜ ተደረሰበት። «ዶክተር፣ ዘዴዎ ሠራ!» ሲሉት ደረቱን ነፋ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

ነርሷ፣ ትባረክ፣ ሳታየው የሚወጣ የመድኃኒት ማዘዣ የለም። የመኪናውን ቁልፍ እኔ ይዣለሁ፤ በእግር መሄድ ለሁለታችንም ጥሩ ነው፣ እየተሳሳቅን እንመለሳለን።

የዓመት ፈቃድህን ለከርሞ አታቆየው። እኔም አባትህም እቅፍ አድርገን ስመንሃል። ስትደውልለት ግን «አባዬ፣ እኔ ነኝ» ብቻ አትበለው፤ ስምህን አስቀድም።

እናትህ