ከሚጣል ካርቶን ያነሣኋት ደራሲ

ቶሮንቶ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልዎት። ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? አሁንም በእግርዎ ነው ለስብከት የሚወጡት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ፓርክዴል ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ሥራዬን እንደያዝኩ ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ስለ እኔ እንደጻፉልዎት ሰምቻለሁ። የእነሱን አንብበዋል፤ አሁን ደግሞ የእኔን ያንብቡ።

ባለፈው ሰኔ የመጦሪያው የመጽሐፍ መደርደሪያ ሲጸዳ፣ ሊጣሉ ካርቶን ውስጥ ከተከተቱት መጻሕፍት አንዱን አነሣሁ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1874 የታተመ ነው። የጻፈችው ሃሪየት ፔንዋርደን የምትባል ሴት ናት። ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ብጠይቅ የሚያውቃት ጠፋ። ታሪኩ አግነስ ስለምትባል የሰባኪ ልጅ ነው። የሌላ ቤተ ክርስቲያን ልጅ የሆነ ብረት ቀጥቃጭ ትወዳለች፤ ጉባኤው ደግሞ ለሀብታም ዲያቆን ሊድራት ይፈልጋል። አባባ፣ ይህች ልጅ በየምዕራፉ ተንበርክካ ትጸልያለች። ስትነሣም ሐሳቧ ያው ነው።

ወደ አማርኛ እየመለስኩ በደብተር ጻፍኩትና፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ለሴቶች ማንበብ ጀመርኩ። ሆቴል የሚያጸዱ፣ ሰው ቤት ልጅ የሚጠብቁ እኅቶች ናቸው። በአራተኛው ሳምንት አንዱ ሽማግሌ፣ አቶ ሙሉነህ፣ አስጠሩኝ። «በጌታ ቤት የፍቅር ልብ ወለድ አይነበብም፤ ደብተሩን አምጪ» አሉኝ። ኃጢአቱ የትኛው ገጽ ላይ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አላነበቡትም። «እንግዲያው አልሰጥዎትም» አልኳቸው። በሚቀጥለው እሑድ ምድር ቤቱ ተቆልፎ ጠበቀን።

አጸደ የምትባል እኅት ሪጀንት ፓርክ ያለውን አፓርትመንቷን ከፈተችልን። አሥራ ሦስት የነበርነው ሃያ ሁለት ሆንን፤ አልጋውም ወለሉም ሞላ። የአቶ ሙሉነህ ባለቤት እትዬ የሻሽወርቅ እንኳ መጥተው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሲወጡ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ያን ዲያቆን እንዳታገባው ብቻ» አሉኝ።

አንድ ነገር ልናዘዝልዎት። የመጽሐፉ የመጨረሻ ገጾች ተገንጥለው ጠፍተዋል። ሌላ ቅጂ ፈልጌ አጣሁ። የመጨረሻውን ምዕራፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሴቶቹ ያለቀሱት እዚያ ላይ ነው፤ ሽማግሌዎቹ የባሰ የተቆጡትም እሱን ሰምተው ነው። አልጸጸትም። ልጅ ሆኜ ታሪክ ስጽፍ እርስዎ ያገኙኝ ጊዜ ደብተሬን ምድጃ ውስጥ ጨመሩት። ያኔ ዝም አልኩ። አሁን ግን ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። በእኔ ምዕራፍ አግነስ አልኮበለለችም። ብረት ቀጥቃጩ በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻውን፣ አባትየው ደጅ ሄደ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎት ሰው ዘርይሁን ይባላል። እዚህ የከተማውን ባቡር፣ ትራሙን፣ የሚጠግን ነው፤ እጁ ትንሽ ሻካራ ነው። አንገቱ ላይ ማተብ ያያሉ። እናቱ ያሰሩለት ነው፤ አይበጥሰውም፤ እኔም በጥሰው አላልኩትም። እርስዎን የሚያነጋግርበት የራሱ ጉዳይ አለው። እባክዎ በር ላይ አያቁሙት።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ምርቃትዎን እጠብቃለሁ፤ ቢዘገይም እጠብቃለሁ። ምሳ ሳይበላም እንዳይሸኙት። የመጣው ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ግን ይጾማልና፣ አክስቴ ሽሮ ትሥራለት።

ምንም ቢሉዎት፣
ልጅዎ