ላገሬው የማይሸጥ የባቡር ካርድ

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ ለሬጉላ፦

ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚደርስ ሰላምታዬን ከእናታችን ሰላምታ ጋር አጣምሬ ልኬልሻለሁ። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ባልሽ ግራንትስ እንዴት ነው? ልጆቹስ? ላሞቹ ይታለባሉ? እናንተ ዘንድ አሁን የብርዱ ወራት እየወጣ ነው አሉ፤ ለቀቅ አደረጋችሁ? እኛ ደህና ነን። እናታችን ከዓይኗ በቀር ደህና ናት። እኔም ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈለት ብለሽ እንዳትደክሚ። እኔው ወንድምሽ ኦስቫልድ ነኝ፣ በገዛ እጄ። እስከ ዛሬ የደረሱሽን ሁሉ እኔ ስናገር የጻፈችው እናታችን ናት፤ ስለ እሷ አንድም ክፉ ቃል ያላገኘሽው ለዚህ ነው። አሁን መስመሩ አልታይ ስላላት፣ እኔም በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ከእንጨት መሰንጠቂያው ስወጣ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ማንበብና መጻፍ ስለምማር፣ ብዕሩን ተረክቤያለሁ። የምንቀመጠው በሕፃናት ወንበር ላይ ነው፤ ጉልበቴ ጆሮዬን ሊነካ ምንም አይቀረው። አስተማሪያችን ወይዘሮ ብሪጊታ ከክፍሉ ሁሉ ፈጣኑ አንተ ነህ ብላኛለች። ከአምስታችን ሁለቱ ሁልጊዜ ይቀራሉ፤ ቢሆንም ፈጣን ፈጣን ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። በሰኔ የዓይን ሐኪሙ እናታችንን «መሃል መሃሉ እየጠፋብዎት ነው፤ በረዶው ሲወርድ የሰው ፊት ላይለዩ ይችላሉ» አላት። አውቶቡስ ስንጠብቅ እጄን ያዘችና «ኦስቪ፣ ሳይጨልምብኝ ሙረንን አንዴ ልየው» አለችኝ። መቼም ታውቂዋለሽ፣ አባባን ከማግባቷ በፊት የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ ስታጥብ ሦስት በጋ የኖረችበት የተራራ መንደር ነው። እኔም ደረቴን ነፍቼ «አራት ቀን እወስድሻለሁ! ስለ ጉዞው እኔ አነባለሁ፣ እኔ አሰናዳለሁ፣ ማንንም አልጠይቅም» አልኳት። ይኸው ጉድ የሠራኝ ይህ ደረቴ ነው።

ከጣቢያው መደርደሪያ ላይ ስለ ባቡር ማለፊያ ካርድ የሚናገር ባለ አርባ ገጽ መጽሐፍ አነሳሁ። አንዴ ከገዛሽው አራት ቀን ሙሉ ባቡሩም ላይ፣ አውቶቡሱም ላይ፣ ጀልባውም ላይ ዝም ብለሽ ገብተሽ ትቀመጫለሽ። ለአንቺ ልንገርሽ፣ ልቤን የወሰደው እሱ ነው። የቲኬት ማሽኑ ፊት ቆሜ ስንደናገር ከኋላዬ ሰው ሲከማችና ሲተነፍስብኝ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ! ጣቴን ከመስመሩ በታች እየጎተትኩ ሦስት ሳምንት ሙሉ አነበብኩት። አንድ ገጽ አልዘለልኩም። ጥቃቅኑን ጽሑፍ ሳይቀር አነበብኩ፣ ያውም ሰው የማያነበውን።

ታዲያ ጎረቤታችን ጋሽ ጎትፍሪድ፣ ያ ከባቡር ሥራ ጡረታ ወጥቶ ባቡር ከአፉ ያልወጣው ሰውዬ፣ በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ «ምን እያነበብክ ነው፣ ፕሮፌሰር?» አለኝ። ነገርኩት። «አንተ ሞኝ፣ ማለፊያ ካርድ እኮ ለሚሮጥ ሰው ነው። የሰማንያ ሁለት ዓመት እናትህን ይዘህ ሙረን ላይ ቁጭ ልትል ካርዱን ምን ያደርግልሃል? ኪስህ ውስጥ ተራራ ሊያይ ነው?» አለኝ። ደሜ ፈላ። «እንሮጣለና!» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ያበድኩት እኔ ነኝ። ካርዱ እንዲያዋጣ የጉዞ ዕቅድ ጻፍኩ፣ በራሴ ጽሕፈት። ሰኞ ሙረን፣ ማክሰኞ ወርዶ በቱን ሐይቅ ላይ ጀልባ፣ ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ጸርማት ደርሶ መልስ፣ ሐሙስ በሉሰርን ዞሮ ወደ ቤት። ለእናታችን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ድንቹን እየላጠች ሰማችኝና «እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ተራራውን ማየት ነበር ያማረኝ። የምንሄደው ለእኔ ዓይን ነው ወይስ ለካርዱ?» አለችኝ። እኔ ግን አነበብኩ ብያለሁ፤ ማን ይመልሰኝ?

ባለፈው ዓርብ ጸጉሬን አበጥሬ ጣቢያ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ፈገግ ብላ «የት ነው የሚኖሩት?» አለችኝ። «እዚሁ ላንግናው ነዋ! የት ልኖር ኖሯል?» አልኳት። «ይቅርታ፣ ይህ ካርድ የሚሸጠው ነዋሪነታቸው ከአገር ውጭ ለሆኑ ብቻ ነው» አለች። «መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ፣ የትም አልተጻፈም!» ብዬ ጮኽኩ። ልጅቱ መጽሐፉን ቀስ ብላ ዘጋችውና ሽፋኑ ላይ ጣቷን አሳረፈች። እዚያ ተጽፏል፣ ይህን ጡጫዬን በሚያክል ፊደል። እኔ ሽፋኑ የተራራ ሥዕል ነው ብዬ አላነበብኩትማ! ማን ከኋላዬ ቆሞ ቢሆን ጥሩ ነው? ጋሽ ጎትፍሪድ። «ፕሮፌሰር፣ ንባብ የሚጀመረው ከላይ ነው» አለና ሰልፉ ሁሉ ሳቀብኝ።

እኔስ አንጀቴ ያረረው በሳቁ አይደለም። አስቢው እስቲ ሬጉላ። ካርዱ የአንቺ ነው! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልመጣሽው አንቺ ነገ ብትመጪ ከነክብርሽ ይሸጡልሻል። እዚሁ ቀርቼ እናታችንን ሐኪም ቤት ለማመላልሰው ለእኔ ግን አይሸጡልኝም። ቂም አይደለም፣ ንዴት ነው። ቂም ቢሆን ባልጻፍኩልሽ።

ልጅቱ አዝና «የግማሽ ዋጋ ካርድዎን ከያዙ እኮ ያን ያህል አይጎዱም» አለችኝ። በዚህ አገር ያንን ካርድ ያልያዘ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሠላሳ ዓመት የተናገርኩትን ውሸት ደገምኩት፤ «የለኝም፣ ባቡር አልወድም» አልኳት። እውነቱን ለአንቺ ልጻፈው። ባቡር እወዳለሁ። የማልወደው ካርዱን ለማውጣት የሚሞላውን ቅጽ ነበር። እናታችን ትሞላልኝ ነበር፣ ግን ጎልማሳ ሰው እናቱን አስከትሎ ጣቢያ ይሄዳል? ስለዚህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዋጋ ከፈልኩ፣ ወይም ቤቴ ቀረሁ። ልጅቱ ቅጹን አውጥታ ስታቀርብልኝ ጥዬላት ወጣሁ።

ሦስት ቀን በጣቢያው በኩል ማለፍ ተውኩ። እናታችን ግን ሻንጣዋን አውጥታ አልጋው ላይ ዘርግታለች፤ በየቀኑ አንድ ነገር ትጨምርበታለች። እሱን እያየሁ እንዴት ልቀመጥ? ትናንት ወደ ጣቢያው ተመለስኩ። ልጅቱን «ቅጹን አምጪው» አልኳት። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ መንገድ፣ የቤት ቁጥር። እያንዳንዷን ፊደል በአፌ እያልኩ ጻፍኩ። ከኋላዬ አንዱ «ሰውዬው መጽሐፍ ሊያሳትም ነው እንዴ?» ሲል «አዎ፣ ታገሥ፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ እየጨረስኩ ነው» አልኩት። ልጅቱ ቅጹን ተቀብላ ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጠችው። ይህ ምንድን ነው አላለችኝም። አንድ ፊደል እንኳ አልጠየቀችኝም። አንብባው ነው፣ ሬጉላ።

በግማሽ ዋጋ መሄጃና መመለሻ ብቻ ቆረጥኩ፤ መሃሉን እንቀመጣለን። ጋሽ ጎትፍሪድ ልክ ነበር፣ ለሚቀመጥ ሰው ማለፊያ ካርድ አያዋጣም። ይህን ለእሱ አልነግረውም፤ አንቺም የበዓል ካርድ ስትልኪለት እንዳትጽፊለት።

አሁንም ግን እንደተናደድኩ ነኝ፤ ይኸው ዛሬ ደግሞ ሬዲዮኑ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ደመና ነው ይላል። ይህን ሁሉ ተዋርጄ ደመና! ለእናታችን ለመንገር ፈራሁ፤ በመጨረሻ ነገርኳት። ካልሲ እያጣጠፈች «የማረፊያው ሰገነት ላይ የተራሮቹ ስም በተርታ የተጻፈበት የብረት ሰሌዳ አለ» አለችኝ። «ከግራ ጀምረህ አንድ በአንድ አንብብልኝ። የቱ የት እንደቆመ እኔ አውቃለሁ።»

ለግራንት፣ እጁን ጨብጬ፤ ለትልቋ ልጅሽ ለማርጎት፣ ጉንጯን ስሜ፤ ለትንሿ ለኤስተር፣ ፊደል ቶሎ እንድትለይ አጎትሽ ብሏል ብለሽ፤ ለአማትሽም ከነምርኩዛቸው ሰላም በይልኝ። እናታችን ሁላችሁንም አቅፋ ስማችኋለች።

ወንድምሽ ኦስቫልድ
ላንግናው፣ ረቡዕ፣ ኦገስት 31 ቀን 2016