ድንኳን ውስጥ የጮኸው ስልክ

ሐሙስ፣ መጋቢት 5 ቀን 2016፣ አዳማ

ከመልካሳ ከሥራ ስመለስ ቤት እንኳ ሳልገባ ጎረቤቴ አዴ ጫልቱ ጋ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ባላቸው ኦቦ ገመቹ የተቀበሩት ትናንት ነው። ድንኳኑ ሙቀቱን አምቆ ይዞታል። ከአዴ ጫልቱ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ስልኬን ማጥፋት ረስቼ ኖሮ በለቅሶው መሃል ጮኸ። ጊዜዬ የት እንደሚገባ ልወቅ ብዬ የጫንኩት መተግበሪያ ነው። በየሰዓቱ ይጠይቀኛል።

«ሥራ ጠራሽ እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

«አይ አዴ፣ ‹አሁን ምን እየሠራሽ ነው?› እያለኝ ነው» አልኩ። አፈርኩ።

ስልኩን ትንሽ አዩትና «ከጫልቱ ጋር ተቀምጫለሁ በይው» አሉኝ።

እንዲህ የሚል ምርጫ የለውም። ያለው ሥራ፣ ትምህርት፣ ዕረፍት እና የባከነ ብቻ ነው።

ቤት ገብቼ መተግበሪያው ላይ የሳምንቱን መዝገብ ከፈትኩ። እሑድ ጠዋት ኦቦ ገመቹ በራቸው ላይ አስቁመውኝ ስለ ዘንድሮው ዝናብ ብዙ አውርተውኝ ነበር። ያን ሰዓት ያስገባሁት «የባከነ» ከሚለው ሥር ነው።

ማስተካከል ይቻላል ይላል። ግን ወደ የትኛው ላዛውረው?